ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ የስናን ወረዳ ከተማ ሮብ ገበያ ይደርሳሉ። ብዙው መንገደኛ የደጋ ከተማ ናት ብሎ አልፏት ይሄዳል። ጮቄን ማየት ለሚፈልግ ግን ጥሩ መነሻ ናት።

ጮቄ ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ እየተደራረበ የሠራው ተራራ ነው። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትርን ያልፋል። ስናን፣ ቢቡኝ፣ ማቻከል፣ ሁለት እጁ እነሴና ሌሎችም ወረዳዎች ይጋሩታል። ከሮብ ገበያ ሽቅብ ሲወጡ የገብስ፣ የድንችና የእንግዶ ማሳ፣ አለፍ አለፍ እያለም ቀርቀሃ ይታያል። ከዚያ በላይ ብርዱ ይበረታል፤ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ጓሳ የሚባለው ሣርና ጅብራው ይጀምራል።

እንደ ጣና የተንጣለለ ሐይቅ የሚጠብቅ ሰው እዚህ አያገኝም። የጮቄ ውሃ ያለው ከእግር ሥር ነው። ረግረጉ ላይ ጓሳውን ረገጥ ሲያደርጉት ውሃው በጫማዎ ዙሪያ ቀዝቀዝ ብሎ ብቅ ይላል። የክረምቱ ዝናብና በረዶ በዚህ ሣርና በጥቁሩ አፈር ውስጥ ይቆይና በበጋ በምንጭ በምንጩ ቀስ እያለ ይወጣል። ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋና ሱሃ ከዚሁ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱ ናቸው። ጓሳው ቢታረስ ዝናቡ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ በጋ ላይ ምንጩ ይደርቃል።

ጅብራ ከአገራችን ውጭ አይበቅልም። ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይኖራል፤ ከዚያ ከሰው ቁመት በላይ የሚዘልቅ አበባ ያወጣል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። ዕድሜውን ሙሉ የሚያብበው አንድ ጊዜ ነውና ሳያብብ የተቆረጠ ጅብራ ዘር አይተውም።

ቀይ ቀበሮ ድሮ እዚህ ነበረ፤ ጓሳው እየታረሰ ሲሄድ ግን ጠፋ፤ ዛሬ የለም። መሬት ያጠረው ገበሬ እርሻውን ሽቅብ መግፋቱ አይፈረድበትም፤ ሌላ መተዳደሪያ ግን ያስፈልገዋል። የጮቄ ተራሮች የኢኮቱሪዝም መንደር በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ከፍ አድርጌ የማየው ለዚህ ነው፤ ጓሳው ሳይታረስም እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ለጉብኝት የሚመቸው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት ይያዙ፤ ውሃ የማያስገባ ጫማም አይርሱ። መንገድ የሚመራዎትን ሰው ከአካባቢው ይቅጠሩ፤ ሲሆን ሲሆን አንድ ሌሊት እዚያው ይደሩ። ረግረጉን በተረገጠ መንገድ ይሻገሩ፤ ጅብራውንም ለፎቶ ብለው አይቁረጡ።