ዜድኤፍኤስ፦ ዲስክን በቃሉ የማያምን ፋይል ሲስተም

የሰርቨር ዲስክ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ጭራሽ ይቆማል፤ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ባለሙያው ይቀይረዋል። ሌላው እየሠራ ይሳሳታል። የተጻፈበትን ትቶ ሌላ ያነባል፣ የስህተት መልእክትም አይሰጥም። የተበላሸው ፋይል ሳይታወቅ ወደ ባክአፕ ይገለበጣል። አደገኛው ይህኛው ነው፤ ዜድኤፍኤስም የተሠራው ሁለቱንም እንዲቋቋም ነው።

ዲስኮችን አጣምሮ አንዱ ሲሞት በሌሎቹ መቀጠል የቆየ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ሬይድ የሚል ስም ሰጡት። ይሁንና በተለመደው ሬይድ ሁለት ቅጂዎች ቢለያዩ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ የለም። በ2001 ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ጄፍ ቦንዊክና ማቲው አረንስ ፋይል ሲስተሙንና የዲስክ አስተዳደሩን አንድ ያደረገውን ዜድኤፍኤስን መሥራት ጀመሩ፤ ኮዱ በ2005 ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ከ2013 ወዲህ ኦፕንዜድኤፍኤስ በተባለው ፕሮጀክት ሥር በሊኑክስና በፍሪቢኤስዲ ላይ ይሠራል።

ምስጢሩ ቼክሰም ነው፤ ከዳታው በስሌት የሚወጣ አጭር ቁጥር። ዜድኤፍኤስ ይህን ቁጥር ከዳታው ጎን ሳይሆን ወደ ዳታው በሚያመለክተው ብሎክ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሲያነብ እንደገና ያሰላል፤ ካልገጠመ ከሌላው ዲስክ ትክክለኛውን ቅጂ አንብቦ ለፕሮግራሙ ይሰጣል፣ የተበላሸውንም ያድሳል። በተጨማሪም ነባሩን ዳታ በቦታው አይደመስስም፤ አዲሱን ባዶ ቦታ ላይ ጽፎ ሲጨርስ ነው የሚሸጋገረው። ስለዚህ መብራት በመሃል ቢጠፋ ፋይል ሲስተሙ ግማሽ ተጽፎ አይቀርም።

አስተዳዳሪው «ዜድፑል ስታተስ» ብሎ ሲያዝ በእያንዳንዱ ዲስክ ትይዩ ሦስት ቁጥሮች ይመጣሉ፦ የማንበብ፣ የመጻፍና የቼክሰም ስህተት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዜሮ ሆነው ሦስተኛው እያደገ ከሄደ፣ ዲስኩ ወይም ኬብሉ ሳይናገር ዳታ እያበላሸ ነው።

በዜድኤፍኤስ ዲስኮችን የማጣመሪያው ዘዴ ምርጫ በሥራው ይወሰናል። ባለ 4 ቴራባይት ስድስት ዲስኮች አሉ እንበል። ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሚረር ማድረግ 12 ቴራባይት ገደማ ይሰጣል፤ ለዳታቤዝ ፈጣን ነው፣ የተተካ ዲስክም ቶሎ ይሞላል። ሬይድዚ2 የተባለው የዜድኤፍኤስ አጣማመር 16 ቴራባይት ገደማ ይሰጣል፤ የትኞቹም ሁለት ዲስኮች ቢሞቱ ዳታው ይተርፋል። አንድ ዲስክ ብቻ የሚታገሠው ሬይድዚ1 ለትልልቅ ዲስኮች አይመከርም፤ አዲሱ ዲስክ እስኪሞላ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ በዚያ መሃል ሌላ ዲስክ ከሞተ ሁሉም ይጠፋል። ሜሞሪው ላነሰ ትንሽ ሰርቨር ኢኤክስቲ4 የተባለው ፋይል ሲስተም ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ቼክሰሙ የራሱን መዋቅር እንጂ የፋይሉን ይዘት አይጠብቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ባክአፕ አይቀርም። በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁሉም ዲስኮች እኩል ይሰረዛል፤ የዳታውን የቀደመ ሁኔታ የሚይዘው ስናፕሾት ቢመልሰውም ሰርቨሩ ከተሰረቀ ወይም ከተቃጠለ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ዳታውን በሙሉ የሚፈትሸውን ስክረብ በየወሩ አስኪዱ፣ አንድ ቅጂ ሌላ ሕንፃ ውስጥ አኑሩ፣ ቅጂው በትክክል መመለሱንም ችግር ሳይመጣ ሞክሩት።