የአምባሰል ድንጋይና ስለ አቶም የምናምነው

«አቶም የማይከፈል የቁስ መጨረሻ ነው» የሚለውን ሸምድደን ያደግን ብዙ ነን። ጆን ዳልተን እ.ኤ.አ. በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ይህንኑ ነበር፤ ንጥረ ነገሮች ሲዋሃዱ ለምን በተወሰነ የክብደት ልክ ብቻ እንደሚገናኙም በዚሁ አስረድቷል። ለዘመኑ ትልቅ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል።

«አቶምን የደረሱበት የጥንት ግሪኮች ናቸው» የሚባለውም ያሳስታል። ዴሞክሪተስ ሐሳቡን ይዞት ነበር፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም። ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ሲዋዋሉ እንኳ ኤርንስት ማኽን የመሰሉ ስመ ጥር የአውሮፓ ሊቃውንት አቶም መኖሩን አይቀበሉም ነበር። ቶምሰን የአቶም ክፍል የሆነውን ኤሌክትሮን ያገኘው ከውሉ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። ጥርጣሬውን ያከተመው አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ውሃ ውስጥ የሚርገፈገፉ ደቃቅ ብናኞችን በስሌት ማስረዳቱ፣ ዣን ፔሪንም ስሌቱን በሙከራ ማረጋገጡ ነው።

ኤሌክትሮኖች እንደ ፕላኔት ሲዞሩ የሚታዩበት ሥዕልስ? መነሻው እውነት ነው። ራዘርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1911፣ በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ከተወረወሩት የአልፋ ቅንጣቶች ጥቂቶቹ ለምን ወደ ኋላ እንደተመለሱ ሲመረምር፣ የአቶሙ ክብደት ከሞላ ጎደል መሃል ላይ፣ ኒውክለስ በሚባለው እምብርቱ፣ እንደተከማቸ ተረዳ። የወርቅ አቶም ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ቢሆን ኒውክለሱ ከአንድ ብርቱካን አይበልጥም። ቦር በ1913 ምህዋሮቹን ጨመረ። ሽሮዲንገር በ1926 ባቀረበው ስሌት ግን ኤሌክትሮን እንደ ፕላኔት የተሰመረ መንገድ የለውም፤ የሚሰላው እዚህ ወይም እዚያ የመገኘት ዕድሉ ነው። ሥዕሉን ለተማሪ ስናሳይ ይህንንም አብረን ልንነግረው ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ «ይህ የፈረንጅ ላቦራቶሪ ወሬ ነው፣ እኛን አይነካም» የሚለው ነው። የውጫሌና የአምባሰል ተራሮች የቆሙበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የቀለጠ አለት ነው። ይህን የነገረን አቶም ነው። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ቀስ እያለ ይፈርሳል፤ ግማሹ ለማለቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ከፊሉ ሲፈርስ አርጎን የተባለ ጋዝ ይሆናል። አለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲረጋ ግን ውስጡ ታስሮ ይቀራል። የታሰረውን ጋዝና የቀረውን ፖታሲየም የለካ ሰው ድንጋዩ የረጋበትን ጊዜ ያሰላል። አቶም የማይለወጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተቻለ ነበር።

የሉሲ ዕድሜም የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ብዙዎች አጥንቷ በካርቦን የተለካ ይመስላቸዋል። ካርቦን 14 ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲያ አያገለግልም፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን ያስታወቀው ከአምባሰል በስተምሥራቅ፣ በአፋር ሐዳር፣ አጥንቷ በተገኘበት አካባቢ ተነባብሮ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።