የሰሜን አውሮፓውያን ክትፎና የትንሣኤ ማዕዳችን

የኀምሳ አምስቱ ቀን ጾም ተፈጽሞ የትንሣኤው ሌሊት ቅዳሴ እንዳበቃ፣ በክርስቲያኑ ቤት አስቀድሞ ዶሮ ወጡ፣ ቀጥሎም ጥሬ ሥጋውና ክትፎው ይቀርባል። ሥጋን ሳያበስሉ መመገብ የእኛ ብቻ ልማድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በስዊድን፣ በዴንማርክ፣ በኖርዌይና በፊንላንድም ጥሬ የበሬ ሥጋ ለተከበረ እንግዳ የሚቀርብ የታወቀ ምግብ ነው። ስዊድናውያን «ሮቢፍ»፣ ዴንማርካውያን ደግሞ «ታታር» ይሉታል። የታታር ፈረሰኞች ሥጋን ከኮርቻ ሥር እያለሰለሱ ይበሉ ነበርና ስሙ ከዚያ መጣ የሚባለው ከተረትነት አያልፍም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ያህል ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚመረጠው ጭቅናው ሲሆን የታፋ ሥጋም ይሆናል። ጅማቱና ሽፋኑ ተገፎ ከወጣለት በኋላ በስለታም ቢላዋ በቀጭኑ ይዘለዘላል፤ ዝልዝሉም ተሰብስቦ አግድም ይከተፋል። የሰሜን ባለሙያዎች በዚህ ነገር ከጉራጌ እናቶች ጋር ይስማማሉ፤ በመኪና የተፈጨ ሥጋ ይላቆጣል፣ በቢላዋ የተከተፈው ግን ለጥርስ ሳይጠፋ ይለሰልሳል። በዴንማርክም ሥጋውን በቢላዋ እየፋቁ ልሙን ብቻ መውሰድና ጅማቱን በስፍራው መተው የቆየ ብልሃት ነው።

የተከተፈው ሥጋ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ይነካዋል፤ ቅቤ አይገባበትም፣ ለብ እንኳ አይልም። በሳህን ላይ ክብ ተደርጎ ይቀመጥና መካከሉ ጎድጎድ ተደርጎ የእንቁላል አስኳል ያርፍበታል። በዙሪያውም በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቀይ ሥር፣ ሰናፍጭ፣ ኬፐር የሚባለው በጨውና በኮምጣጤ የቆየ የቁጥቋጦ እምቡጥ፣ እንዲሁም ስዊድናውያን «ፔፓሮት» የሚሉት በጥሬው የሚፋቅ ነጭ ሥር ይደረደራል። ይህ ሥር እንደ ሰናፍጭ አፍንጫን የሚወጋ ሲሆን፣ ለእኛ ሚጥሚጣ የሚሠራውን ለእነርሱ ይሠራል። ተመጋቢው ሁሉንም እንደ ወደደ እያዋሐደ ይመገባል። ኬፐር ያጣ ሰው በኮምጣጤ የቆየ ኪያር አድቅቆ ቢከትፍ ጣዕሙ እጅግ አይርቅም።

እዚህ ላይ «ሥጋው እንዲህ ከቀላ ደም አይደለምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ጉባኤያቸው ከደም እንድንርቅ ማዘዛቸው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ተጽፎአልና ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአግባቡ የታረደ ከብት ደሙ ይፈስሳል፤ በሥጋው ላይ የሚታየው ቅላት ማዮግሎቢን የተባለው የጡንቻው የራሱ ቀለም ነው። በአንጻሩ በስዊድን ገበያ «ብሉድፑዲንግ» በሚል ስም የሚሸጠው በደም የሚጋገር ምግብ ነውና፣ በዚያ የሚኖሩ ምእመናን ሊለዩት ይገባል።

ወደ ሥጋው እንመለስ። ሰሜኖቹ ይህን ምግብ ያለ ፍርሃት እንዲበሉት ያደረጋቸው ከቅመሙ በፊት ያለው ሥራ ነው። ሥጋውን ሳይቆራረጥ በአንድ ገጹ ይገዙታል እንጂ ተፈጭቶ የተሸጠውን ለዚህ አይጠቀሙበትም። ተሐዋስያን የሚያርፉት በሙሉ ሥጋ ውጫዊ ገጽ ላይ ነው፤ ሲፈጭ ግን ውጩ ከውስጡ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ የውጩ ገጽ በስሱ ተገፎ ይነሣል፣ ቢላዋውና መክተፊያው ታጥቦ ክተፋው ይጀመራል። ሥጋው ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ቅዝቃዜ ይጠበቃል፤ ከተከተፈም በኋላ ሳያድር ወዲያው ይበላል።

ጥሬው አስኳልም ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. በደቡብ ስዊድን አልቬስታ ከተማ ከሚገኝ ቄራ የወጣ ሥጋ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሐዋሲ አዛምቶ 9,000 ያህል ሰዎች ታመሙ፤ 90 ያህሉም ሞቱ። ከዚያ መከራ በኋላ በ1961 ሀገሪቱ ሳልሞኔላን ከመኖው ጀምሮ እስከ ዶሮ እርባታው የሚቈጣጠር ሕግ አወጣች። የስዊድን እመቤት አስኳሉን በጥሬው የምታቀርበው ይህን ሁሉ ተማምና ነው። እንዲህ ያለ ቊጥጥር ያልተደረገበትን እንቁላል በጥሬው ከልጆች ፊት ማቅረብ ግን ድፍረት ነው፤ አስኳሉ ቢቀር ምግቡ አይጐድልበትም።

በእኛ ቤት ዋነኛው ጠላት ኮሶ ነው። የኮሶ እጭ የሚያድረው በጡንቻው ውስጥ እንጂ በገጹ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ገፈፋው አያወጣውም፣ ሚጥሚጣና ሎሚም፣ አረቄም አይገድሉትም። የእንስሳት ሐኪም ልብንና የመንጋጋን ጡንቻ ሰንጥቆ የሚመረምረው ይህንኑ ፍለጋ ነው። በየሰፈሩ ለቅርጫ የሚታረደው በሬ ብዙ ጊዜ ይህ ምርመራ ያልፈዋል፤ ጎረቤታሞች ገንዘብ ሲያዋጡ የሐኪሙንም ድርሻ አብረው ቢያስቡበት ምንኛ በበጀ! የተመረመረውም ቢሆን ጥቂት እጭ ከዓይን ሊያመልጥ ይችላል። እጩን የሚገድለው እሳት ወይም ጽኑ ቅዝቃዜ ነው፤ ሥጋው እስከ ውስጡ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ 10 ቀን ቢቆይ እጩ ይሞታል። ለዚህም ዘመኑ ይመቻል፤ በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ነውና፣ በፋሲካ የበሰለውን በልቶ ለጥሬ የታሰበውን ከበረዶ ማስገባትና ከ10 ቀን በኋላ መክተፍ ይቻላል። ቅዝቃዜው ሳልሞኔላንና መሰሎቹን እንደማይገድል ግን አይዘንጋ፤ ንጽሕናው እንደ ተጠበቀ ይኑር።

ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ጥሬ ሥጋ በማናቸውም አሠራር ባይሰጥ ይመረጣል። ኢ.ኮላይ ከተባለው ተሐዋሲ አንዱ ዓይነት የሕፃናትን ኵላሊት እስከ ማድከም ይደርሳልና። ስዊድናውያን ለዚህ ከዚያው ቅመም የሚወጣ ሌላ ምግብ አላቸው፤ «ቢፍ አ ላ ሊንድስትሮም» ይባላል። ሄንሪክ ሊንድስትሮም የተባለ ከሴንት ፒተርስበርግ የመጣ ሰው በ1862 ካልማር ከተማ ባለ ሆቴል አሠራሩን እንዳስተማረ ይተረካል። ሥጋው፣ ሽንኩርቱ፣ ቀይ ሥሩና ኬፐሩ በደቃቁ ተከትፎ ከእንቁላል ጋር ይለወስና በቅቤ ይጠበሳል። ውስጡ ቢያንስ 70 ዲግሪ ሊደርስ ይገባል፤ ቀይ ሥሩ ሥጋውን ስለሚያቀላው ግን መብሰሉን በመልኩ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ሳሳ አድርጎ መጠፍጠፍና በዝግ እሳት፣ ግራና ቀኙን እያገላበጡ ረዘም ላለ ጊዜ መጥበስ ይበጃል።