የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚያበቃው መቼ ነው?

ስካይቪው ራንች ያለው ቤታችን ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የስልክ ሰዓት ነው። እናቴ ቡናዋን ካፈላች በኋላ ባሕር ዳር ላለችው አክስቴ ትደውላለች። እኔም ስልኩ እስኪደርሰኝ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2023 ላይ ግን በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር በዋትስአፕ ልናገኛት አልቻልንም። በመደበኛ ስልክ ስትገኝ ደግሞ እናቴ «ሰፈሩ እንዴት ነው?» ስትላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «እሱን ተይው፣ በስልክ አይሆንም። ልጆቹ ደህና ናቸው?»

ያኔ «አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ» ለእኔ ዜና ላይ የሚሰማ ቃል ብቻ ነበር። ምን እንደሚፈቅድ፣ ምን እንደሚከለክል፣ በተለይም መቼ እንደሚያበቃ አላውቅም ነበር። እዚህ ያደጉ ጓደኞቼን ስጠይቅ እነሱም ከእኔ የተሻለ አያውቁም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት ጥያቄዎች

ጉዳዩን እንድረዳ ያገዘኝ የነርሲንግ ትምህርቴ ነው። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ የደረሰን ሕመምተኛ አልጋው ላይ ማሰር የሚፈቀድበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የመጨረሻ አማራጭ እንደሆነ ከመጀመሪያው እንማራለን። በቅድሚያ ሕመም ይኖረው ይሆን፣ ሽንት ቤት ፈልጎ ይሆን፣ ቤተሰብ አጠገቡ ቢቀመጥ ይረጋጋ ይሆን እየተባለ ሌላው መንገድ ሁሉ ይሞከራል። የግድ ከታሰረም ማን እንዳዘዘ፣ ለምን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ መዝገቡ ላይ ይጻፋል። ነርሷ በየጊዜው እየተመለሰች እጁን ታያለች፣ ደሙ በደንብ መዘዋወሩን ትፈትሻለች፣ «አሁንም ያስፈልጋል ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። ካላስፈለገ ወዲያው ይፈታል።

በአማርኛ ሁለቱንም «ማሰር» ነው የምንለው፣ ሕመምተኛውንም እስረኛውንም። መንግሥት በጸጥታ ምክንያት የሰውን ነፃነት ሲይዝም ሊጠየቅ የሚገባው ይኸው ነው። እስከ መቼ ነው? የታሰረው ማን ነው፣ የትስ ነው ያለው? ነገሩ ሲያልፍ «ትክክል ነበር ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው?

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ መልሱ ያለው በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 ውስጥ ነው። የውጭ ወረራ ሲያጋጥም፣ በተለመደው የሕግ ማስከበር ሥርዓት ሊገታ የማይችል አደጋ በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ ላይ ሲደርስ፣ የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲከሰት የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁን ሊያውጅ ይችላል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀርብለታል። በሥራ ላይ ካልሆነ ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ይሻራል። ከጸደቀ እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ ሊያድሰው ይችላል። ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ግን ጣሪያ አልተቀመጠለትም።

ሁለተኛው ጥያቄም በሕጉ ውስጥ መልስ አለው። ምክር ቤቱ አዋጁን ሲያጸድቅ ከአባላቱና ከሕግ ባለሙያዎች የተውጣጣ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ አብሮ ማቋቋም አለበት። ቦርዱ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም ከታሰሩበት ምክንያት ጋር በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። ኢሰብዓዊ ድርጊት እንዳይፈጸም ይከታተላል፣ ድርጊቱን የፈጸሙትም ለፍርድ እንዲቀርቡ ያደርጋል።

ይህን አንቀጽ መጀመሪያ ሳነብ ተገርሜ ነበር። እናቶች ልጃቸውን ፍለጋ ከፖሊስ ጣቢያ ፖሊስ ጣቢያ ሲንከራተቱ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የእስረኞችን ስም ዝርዝር ማውጣት የመንግሥት ቸርነት ሳይሆን ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ መሆኑን ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አንቀጹ ክፍተትም አለበት። በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ሊታገዱ የማይችሉ ተብለው የተዘረዘሩት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ሁለት ንዑሳን አንቀጾች ናቸው። አንቀጽ 1 የአገሪቱ ስያሜ ነው። 18 ከኢሰብዓዊ አያያዝ የመጠበቅ መብት፣ 25 የእኩልነት መብት፣ 39 የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ነው። በሕይወት የመኖር መብት (አንቀጽ 15) እና የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት (አንቀጽ 19) ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው ዓለም አቀፍ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በሕይወት የመኖርን መብት በምንም ሁኔታ ማገድን ይከለክላል። ቃል ኪዳኑን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴም በ2001 ባወጣው ማብራሪያ፣ በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ፍርድ ቤት የእስሩን ሕጋዊነት የመመርመር ሥልጣኑ ሊነካ እንደማይገባ ገልጿል። ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን የሚናገረው ደግሞ ራሱ ሕገ መንግሥቱ ነው፣ አንቀጽ 9 ላይ።

በተግባርስ?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. (ኦገስት 4 ቀን 2023) የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል ላይ አዋጁን አወጀ። ፓርላማው ኦገስት 14 ቀን አጸደቀው፣ ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ለተጨማሪ አራት ወር አራዘመው። ጁን 2024 ላይ ጊዜው አበቃ። በወረቀት ከታየ የጊዜ ገደቡ አልተጣሰም።

ነገር ግን በዚያው ኦገስት የምክር ቤቱ አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሳ ታሰሩ። በኋላም በሽብር ወንጀል ተከሰሱ። ጥፋተኛ ናቸው አይደሉም የሚለው የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አንቀጽ 54 እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር የምክር ቤት አባል ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንደማይያዝ ይደነግጋል። አዋጁን የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው ይኸው ምክር ቤት ነው። ተቆጣጣሪው ራሱ ሊታሰር ከቻለ የቀሩት አባላት ምን ያህል ደፍረው ይጠይቃሉ?

የጊዜ ገደብ ብቻውን እንደማይበቃም አይተናል። አዋጁ ካበቃ ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ በአማራ ክልል የጅምላ እስር መካሄዱን አምነስቲ ኢንተርናሽናል አስታውቋል። አዋጁ ሲያበቃ ልማዱ አብሮ አላበቃም።

ይህ የአንድ ብሔር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም መናገር አለብኝ። ኖቬምበር 2 ቀን 2021 በመላ አገሪቱ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የትግራይ ተወላጆች ታስረዋል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) በዚያው ወር እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ገልጾ ነበር። ከዚያ በፊት በ2016 በታወጀው አዋጅ፣ በኦሮሚያና በአማራ የነበረውን ተቃውሞ ተከትሎ፣ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ታስረዋል። ተራው ይለዋወጣል። ሌላው ሲታሰር ዝም ያለ ቤት በሚቀጥለው ጊዜ የራሱን ልጅ ይፈልጋል።

ካናዳም በነፃ አልተማረችም

እዚህ አገር ያደግን ልጆች «ካናዳ እንዲህ አይደረግም» ማለት ይቀናናል። በበጋ ለሽርሽር የምንሄድበትን ባንፍ አስቡት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1914 በወጣው የጦርነት እርምጃዎች ሕግ መሠረት፣ አብዛኞቹ ዩክሬናውያን የሆኑ ስደተኞች ካስል ማውንቴን ሥር ባለ ካምፕ ታስረው መንገድ ሠርተዋል። በመላ አገሪቱ የታሰሩት ከ8 ሺህ በላይ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ከ20 ሺህ በላይ ጃፓናውያን ካናዳውያን ከቤታቸው ተፈናቀሉ፣ ከእነሱም የተወሰኑት ከእኛ በስተደቡብ ባሉት የአልበርታ የሹገር ቢት (ስኳር የሚመረትበት ሥር) እርሻዎች እንዲሠሩ ተላኩ። በኦክቶበር 1970 በኬቤክ በዚያው ሕግ ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ክስ ታሰሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1988 ሕጉ ተሽሮ የአስቸኳይ ጊዜዎች ሕግ ተተካ። አዲሱ ሕግ የሕዝብ ሥርዓት አደጋ ሲያጋጥም የሚወጣ አዋጅ ካልታደሰ በ30 ቀን እንዲያበቃ አደረገ። ዜጎችንና ቋሚ ነዋሪዎችን በዘር ወይም በትውልድ አገር ለይቶ ማሰርን ከለከለ። አዋጁ ካበቃ በ60 ቀን ውስጥ ደግሞ መንግሥት የግድ ምርመራ ማስጀመር አለበት።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት አገር

ሁለቱ አገሮቻችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተገናኝተው ነበር። ካናዳ በኦታዋ የጭነት መኪኖች ተቃውሞ ምክንያት ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2022 ሕጉን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቀመችበት። በማግስቱ ፌብሩዋሪ 15 የኢትዮጵያ ፓርላማ የ2021ዱን አዋጅ ጊዜው ሳይደርስ አነሳው። ካናዳም ፌብሩዋሪ 23 ቀን አዋጇን ሻረች።

የሁለቱ ክብደት አንድ አይደለም። እዚህ ከ200 በላይ የባንክ ሒሳቦች ታገዱ፣ እዚያ ግን ጦርነት ነበር፣ ሰዎች በጅምላ ታስረው ነበር። ሆኖም ቀጥሎ የመጣውን ተመልከቱ። በካናዳ በዳኛ ፖል ሩሎ የሚመራ ኮሚሽን በአደባባይ ምስክር ሰማ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጀስቲን ትሩዶ ራሳቸው ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። ኮሚሽኑ በፌብሩዋሪ 2023 አዋጁን ለማወጅ የሚያበቃ ምክንያት ነበር አለ። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ የፌደራል ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሪቻርድ ሞስሊ ተቃራኒውን ወሰኑ። አዋጁ ምክንያታዊ አልነበረም፣ ሐሳብን የመግለጽ መብትንም ጥሷል አሉ። መንግሥት ይግባኝ ጠየቀ።

ኮሚሽኑና ዳኛው አልተስማሙም። ግን ሁለቱም የመንግሥትን ውሳኔ በአደባባይ መረመሩ፣ ማንም ለዚህ አልታሰረም። ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚመስለው።

«አገር ስትቃጠል ስለ አንቀጽ ይወራል?»

ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ይህን ክርክር እሰማለሁ። አንዱ አባት «ሳይቃጠል በቅጠል ነው! መጀመሪያ ሰላም፣ መብት ከዚያ በኋላ» ይላሉ። ሐሳባቸውን አልንቅም። በኦገስት 2023 በፋኖና በመከላከያ ሠራዊት መካከል የነበረው ውጊያ ጎንደርና ላሊበላ ደርሶ ነበር፣ የክልሉ መንግሥትም የፌደራሉን እርዳታ ጠይቋል። መንግሥት ሰው እንዳይገደልና መንገድ እንዳይዘጋ የመከላከል ግዴታ አለበት።

ነገር ግን አንቀጽ 93 የተጻፈው ለሰላም ቀን አይደለም፣ ለዚያው ለእሳቱ ቀን ነው። ሕመምተኛን ማሰር አስፈላጊ የሚሆንበት ሌሊት አለ። በዚያ ሌሊት መዝገቡን መጻፍ የተወች ነርስ ሕመምተኛውን የበለጠ አልጠበቀችውም። ጠዋት ሲነጋ ምን እንደሆነ ማንም እንዳያውቅ ነው ያደረገችው። የእስረኞችን ስም ይፋ ማድረግም የጦር ስልት አያጋልጥም፣ እናትን ከመንከራተት ያድናል እንጂ።

እኛ ምን እናድርግ?

ዘመድ ወይም ወዳጅ ቢታሰርባችሁ መዝገብ ያዙ። ቀኑንና ሰዓቱን፣ የወሰደው ማን እንደሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጻፉ። ቤተሰቡ ከፈቀደ ለኢሰመኮ አሳውቁ። የታሰረው የካናዳ ዜጋ ከሆነ ወዲያውኑ ለካናዳ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደውሉ።

ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ ግን ስሙንም ፎቶውንም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ። እኛ እዚህ ለጥፈን እንተኛለን፣ በር የሚንኳኳው እዚያ ነው። አክስቴ «በስልክ አይሆንም» ስትል የምትጠብቀው ራሷን ብቻ አይደለም።

ለፓርላማ ተወካያችሁ ስትጽፉ ደግሞ «ስለ ኢትዮጵያ አንድ ነገር አድርጉ» ብላችሁ አትተዉት። ካናዳ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ስትነጋገር የታሰሩት ሰዎች ዝርዝር ይፋ ይሁን፣ ፍርድ ቤት ይቅረቡ፣ ያለፉት አዋጆች አፈጻጸም በገለልተኛ አካል ይመርመር ብላ እንድትጠይቅ ጻፉ። ሦስቱንም የኢትዮጵያ ሕግ ወይም ኢትዮጵያ የተቀበለችው ቃል ኪዳን ይደግፋቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴን ስለ አንቀጽ 93 ልነግራት ፈልጌ ነበር። በስልክ አይሆንምና ተውኩት። ስለ ፈተናዬ ጠየቀችኝ፣ ስለ ቅዝቃዜው አወራን። አንድ ቀን ባሕር ዳር ሄጄ ቡና እየጠጣን እነግራታለሁ።