በወር አንድ ርእስ፣ ከየቤቱ አንድ ፎቶግራፍ

ድሮ ፎቶግራፍ መነሣት ቤተሰብ ሁሉ የክት ልብሱን ለብሶ፣ ፎቶ ቤት ድረስ ሄዶ የሚፈጽመው ትልቅ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ግን በየኪሳችን በያዝነው ስልክ በአንድ ቀን የምናነሣው፣ አያቶቻችን በዕድሜያቸው ሙሉ ከተነሡት ይበልጣል፤ ነገር ግን ተቀምጦ የሚያየው የለም።

እኛ በወር አንድ ጊዜ በየተራ በየቤታችን የምንሰበሰብ ዐሥራ አንድ ቤተሰቦች ነን። ከማዕዱ በኋላ ያለው ሰዓት ወጣቶቹ በስልካቸው ላይ አጎንብሰው፣ ሽማግሌዎቹም በእነርሱ ላይ እያጉረመረሙ የሚያልፍ ሆኖ ነበር። ከዚህም የተነሣ አንዲት ተማሪ ልጃችን፣ «ስልኩን ከምትጠሉት አብረን ለምን አንሠራበትም?» ስትል አሳብ አቀረበች። አሳቧም ለየወሩ አንድ ርእስ እንዲመረጥና፣ እያንዳንዱ ቤት በዚያ ርእስ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ አንሥቶ፣ በወረቀት አሳጥቦ እንዲያመጣ ነው። ሽልማት የለም፤ አንደኛና ሁለተኛም አይባልም።

ፎቶግራፉ በጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ባለቤቱ ዝም ይላል፤ የሚናገረው ሌሎቹ ያዩትን ተናግረው ሲጨርሱ ነው። ይህ ደንብ እጅግ ጠቅሞናል። ሰው የራሱን ፎቶግራፍ ሲያይ ያነሣበትን ቀን ጭምር ያያልና፤ ሌላው ግን የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው። ርእሱ «ደጃፍ» በሆነበት ወር አንድ ወንድማችን የተወለደበትን ቤት በር አምጥቶ፣ ሁላችንም «የተዘጋ ቆርቆሮ ነው» ባልን ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ። እናቱ ትቀመጥበት የነበረው መደብ ከፎቶግራፉ ውጭ መቅረቱን ያስተዋለው ያን ጊዜ ነበር። (እኛም በዚያው ወር ያመጣነው በር ጠማማ ነው ተብሎ ተስቆብናል፤ ጠማማውስ በሩ ሳይሆን እጃችን ነበር።)

«ነጭ» በተባለው ወር ሰባት ቤቶች ነጠላ የለበሰች እናት አመጡ፤ በሰባቱም ላይ ነጠላው አምሮ፣ ፊቷ ጠቁሮ ተገኘ። ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ብርሃኑን የሚመጥነው በፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ስለ ሆነ፣ ነጭ ልብስ ሲበዛበት ብርሃን የተትረፈረፈ ይመስለውና ይቀንሳል፤ ጉዳቱም በፊት ላይ ይወድቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከማንሣት በፊት በስልኩ መስተዋት ላይ ፊቷ የሚታይበትን ቦታ በጣት መንካት ነው፤ ያን ጊዜ ልኩ ከፊቷ ይወሰዳል። ነጠላው ከልኩ ይልቅ ቢነጣም ግድ የለም። ሰዓትም መምረጥ ይገባል፤ በአገራችን የቀትር ፀሐይ ከዐናት በላይ ስለምትቆም የዐይን ጉድጓድ ሁሉ ጥላ ይሞላዋል። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ወዲህ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። በቤት ውስጥም ቢሆን ሰውን በመስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ፍላሽ ከማብራት ይሻላል።

«ልጅ» በተባለው ወር አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደንቡን አፍርሰው፣ ራሳቸው ያላነሡትን ፎቶግራፍ አመጡ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ነበር። አባቱ በመቅደላ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጁ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ወዲያው በመንገድ ላይ ዐረፉ። በዚያው ዓመት ክረምት በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት ያነሣችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። እርሷም በ48 ዓመቷ፣ በ1856 ዓ.ም.፣ ልጇና የልጇ ባል ካሜራ በስጦታ ቢሰጧት በዚያ የጀመረች ሴት ነበረች፤ በዚያ ዘመን በመስተዋት ላይ ይነሣ ስለ ነበር የሚነሣው ሰው ለብዙ ሰከንድ ሳይነቃነቅ መቈየት ነበረበት። መምህሩ ይህን ሲናገሩ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃችን፣ «እርሱንስ ማን አስፈቀደው?» አለች። መልስ የሰጣት አልነበረም። ልዑሉ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እዚያው ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ።

ይህች ጥያቄ በሁለተኛው ወር ተመለሰችብን። ርእሱ «እጅ» ነበር። አንድ ወጣት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለምጽዋት የተዘረጋ የአንዲት አሮጊት እጅ አመጣ፤ ከበስተኋላ ፊታቸውም በጥቂቱ ይታያል። የእጁ ሽብሽባት፣ በመዳፉ ላይ ያረፈው የጠዋት ብርሃን፣ ሁሉም አስደነቀን፤ እስከዚያ ቀን ከመጡት ሁሉ የሚስተካከለው አልነበረም። አመስግነን ስንጨርስ ከእናቶቻችን አንዷ፣ «ልጄ፣ ጠይቀሃቸዋል?» አሉት። አልጠየቀም። ይልቁንም ከዋዜማው ጀምሮ በቴሌግራም ለወዳጆቹ ልኮት ነበር።

በማግሥቱ ፎቶግራፉን ይዞ ወደ አሮጊቷ ሄደ። «እማማ፣ ሳላስፈቅድዎ አንሥቼዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ሰጣቸው። እርሳቸውም ብዙ ካዩት በኋላ፣ «ልጄ ያለችው አረብ አገር ነው። በስልክ ስትጠይቀኝ ጉልት እቸረችራለሁ ነው የምላት። ይህን ብታይ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች» አሉት። ወጣቱ ወዲያው ወዳጆቹን እየደወለ አስጠፋ፤ ከእነርሱም አልፎ ማን ዘንድ እንደ ደረሰ ግን ሊያውቅ አልቻለም። ስለዚህ ነገር ተከራክረናል። አንዳንዶቹ፣ «እጁ የማን እንደ ሆነ ማን ያውቃል?» አሉ፤ እኛ ግን እናት የልጇን እጅ እንደምታውቅ ሁሉ፣ ልጅም የእናቷን እጅ ታውቃለች ባዮች ነን።

ከሳምንት በኋላ ወጣቱ ተመልሶ፣ «እርስዎ እንደሚወዱት ላንሣዎት» አላቸው። ነጠላቸውን አጥበው ቈዩት። ከጎረቤታቸው ቤት በመስኮት አጠገብ ተቀመጡ፤ እርሱም ፊታቸውን በጣቱ ነክቶ አነሣቸው። አንዱን አሳጥቦ ለእርሳቸው ሰጠ፤ ለልጃቸውም በስልክ ላከላቸው፤ ለእኛ ለማሳየትም ፈቀዱለት።

በሚቀጥለው ስብሰባ በጠረጴዛው ላይ ያኖረው ይህን ነው። ደንቡ ነውና ዝም አለ። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ካዩት በኋላ፣ «ርእሱ እጅ ነው ተብሎ እጃቸው የታለ?» አሉ። በእርግጥም አሮጊቷ ሁለቱንም እጆቻቸውን በነጠላቸው ውስጥ ሰብስበዋቸው ነበር።

የመጪው ወር ርእስ «ውኃ» ነው።