ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ የሚቀሩት ምእመናን

የጸሎት ጉባኤ ቀረጻ ተሰብስቦ ወደ ኤዲቲንግ ክፍል ሲመጣ ብዙ ሰዓት ይሆናል። የእኔ ሥራ ያንን አሳጥሮ፣ ድምፁን አስተካክሎ፣ የስም ጽሑፉን አስገብቶ ለሥርጭት ማድረስ ነው። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያልተጻፈ ደንብ አለ፦ የዳነው ይተላለፋል፣ ያልዳነው ይቆረጣል። ክራንቹን ጥሎ የተራመደው ወንድም ማስታወቂያው ላይ ሳይቀር ይገባል። ከእሱ ቀጥላ ተሰልፋ የነበረችው፣ ተጸልዮላት በክራንቿ ወደ ወንበሯ የተመለሰችው እህት ግን ከቀረጻው ትወጣለች። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ “ለፕሮግራሙ አይሆንም” ተብሎ ነው።

እግዚአብሔር ይፈውሳል ብዬ አምናለሁ። የፈውስ ምስክርነት አይተላለፍ የሚል ሐሳብም የለኝም። የሚያሳስበኝ፣ በክርስቲያን ሚዲያዎቻችን አካል ጉዳተኛ የሚታየው ወይ ሲፈወስ ወይ ሲረዳ ብቻ መሆኑ ነው። ሲያስተምር፣ መጽሐፍ ሲተነትን፣ ስለ ትዳሩና ስለ ሥራው ሲናገር አናየውም። በልጅነቷ በፖሊዮ እግሯ የተጎዳ አንዲት የመዘምራን መሪ ለቃለ መጠይቅ መጥታ ነበር። ዜማ ትደርሳለች፣ ድምፅ ታከፋፍላለች፣ ወጣቶችን ታሠለጥናለች። ካሜራው ገና ሳይበራ አዘጋጁን እንዲህ አለችው፦ “ወንድሜ፣ በየሄድኩበት ስለ እግሬ እጠየቃለሁ። ዛሬ ስለ መዝሙሩ ጠይቀኝ።” ጠየቃት። ስለ ድምፅ አከፋፈል የሰጠችውን ማብራሪያ እስካሁን ለአዲስ ዘማሪዎች አሳያለሁ፤ ከዚያ የተሻለ አላገኘሁም።

ማርቆስ ምዕራፍ 7 ላይ ስለ አንድ መስማት የተሳነው፣ አንደበቱም የተያዘ ሰው ተጽፏል። ጌታ ይህን ሰው ከሕዝቡ ፊት ዞር አደረገው። ጣቱን ጆሮው ውስጥ አገባ፣ ምላሱን ዳሰሰ፣ ወደ ሰማይ ቀና አለ። ሰውየው ስለማይሰማ፣ ሊያደርግለት ያሰበውን በሚያየውና በሚነካው ነገር አስረዳው። ከዚያም ለማንም እንዳይናገሩ አዘዘ። ካሜራ ይዞ ለሚቆም ሰው ከዚህ የበለጠ ትምህርት ያለ አይመስለኝም። የሰውየው ክብር ከተመልካቹ ጉጉት ቀድሟል። ኢያሪኮ ላይም ዓይነ ስውሩ በርጤሜዎስ ምን እንደሚሻ ለሁሉም ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ጌታ ምን ላድርግልህ ብሎ ጠየቀው። መጠየቅ ይቀድማል። ሜምፊቦስቴም አለ፤ ሁለት እግሩ ሽባ እንደ ሆነ በዳዊት ማዕድ ይቀመጥ ነበር። ማዕዱ ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ ዳን አልተባለም።

ወደ ዕለት ሥራችን ልመለስ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በስክሪን ጥግ ማስገባት የጀመሩ ቤተ ክርስቲያኖችና ጣቢያዎች አሉ፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ግን ሥራው አስተርጓሚ በማቆም አያልቅም። መስማት የተሳነው አንድ ወጣት ስልኬ ላይ ጽፎ ያሳየኝ ይህንን ነው፦ “ፊቷ ይታየኛል። እጇን የባንክ ቁጥሩ ይሸፍነዋል።” ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ፣ የመባው ሂሳብ ቁጥርና የሰባኪው ስም የሚወጡት ልክ አስተርጓሚዋ እጅ ላይ ነበር። ለእኛ ማስተካከሉ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሳጥኑን ከፍ ማድረግ፣ ማስፋት፣ ጽሑፉን ማዛወር። መብራትም አለ። በምልክት ቋንቋ ቅንድብና ከንፈር ሳይቀር ይናገራሉ፤ ጥያቄን ከተራ ዐረፍተ ነገር የሚለየው ብዙ ጊዜ የፊት ሁኔታ ነው። ስለዚህ የአስተርጓሚዋ ፊት ጥላ ውስጥ ከሆነ ስብከቱ ተቆራርጦ ይደርሳል። ልብሷም ከቆዳዋ ቀለም የሚለይ፣ ጌጥ ያልበዛበት ቢሆን እጇ ጎልቶ ይታያል። ይህን ሁሉ ባለሙያዎቹ ያውቁታል፤ ጠርቶ የሚያማክራቸው ነው የጠፋው። ብዙዎቹ በነጻ ያገለግላሉ፤ የድምፅ ባለሙያው ሲከፈለው እነሱ የማይከፈላቸው ለምን እንደሆነ አጥጋቢ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

ዓይነ ስውራን ምእመናንስ? ሰባኪው “ስክሪኑ ላይ እንደምታዩት” ብሎ ጥቅሱን ሳያነብ ያልፋል። የጉባኤው ቦታና ሰዓት በጽሑፍ ብቻ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ የነበረው ራዲዮ የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ደርግ በ1969 እስኪወርሰው ድረስ፣ ሁሉን ነገር በድምፅ ነበር የሚያደርሰው። ቴሌቪዥን ሲመጣ ጮክ ብሎ ማንበብ መቅረት አልነበረበትም።

አካል ጉዳተኞችን ማስተማር ለአገራችን ክርስትና አዲስ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶች ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ቅኔና ዜማ በቃል እየያዙ መምህራን ሆነዋል። ሆሳዕና ላይ መካነ ኢየሱስ መስማት ለተሳናቸው፣ ሻሸመኔ ላይ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከፍተዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ የተማረችው በዚያ የሻሸመኔ ትምህርት ቤት ነው። መንግሥትም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 676 አጽድቋል፤ አንቀጽ 21 መገናኛ ብዙኃንን በስም ይጠቅሳል። ቤተ ክርስቲያን በመማሪያ ክፍል ውስጥ የቀደመችውን ያህል በስክሪን ላይ አልሄደችም።

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ የአእምሮ ሕመምና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ቀረጻ ነው። ሰውየው መሬት ላይ ወድቆ፣ ልብሱ ተገልጦ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ፊቱ ሙሉ በሙሉ እየታየ ይመጣልኛል። ያ ምስል ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ጎረቤት ያየዋል፣ አሠሪው ያየዋል፣ ልጆቹ አድገው ያዩታል። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የማን ነው ሲሉ፣ የእሱም የወላጆቹም አይደለም የተባሉትን መልስ የእኛ ካሜራ ገና አልሰማውም። አንዳንዱ ደግሞ መድረክ ላይ “መድኃኒቴን ጥያለሁ” ይላል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በላይ በላዩ የሚደጋገም፣ ሕይወት የሚያሳጣ ሕመም ሊያስነሣ ይችላል። ሐኪም ሳያየው እንዲህ ያለ ቃል ማስተላለፍ፣ ቤቱ ሆኖ የሚመለከተውን ሌላ ሕመምተኛ አደጋ ላይ መጣል ነው። እንዲህ ያለውን ቀረጻ አላሳልፍም፤ ማንም ቢያዝዘኝ።

የካሜራና የኤዲቲንግ ባልደረቦቼ፣ ፓስተሮችና የፕሮግራም አዘጋጆች፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በጸሎቱ ሙቀት፣ በሺህ ሰው ፊት የተሰጠ እሺታ ፈቃድ አይደለም። ቀናት ካለፉ በኋላ ለሰውየው ስልክ ደውሉለት፤ መስማት የማይችል ከሆነ በጽሑፍ ጠይቁት ወይም ከአስተርጓሚ ጋር ሂዱ። የተቀረጸውን አሳዩት፤ ማየት የማይችል ከሆነ የሚታየውን ሁሉ አንድ በአንድ ንገሩት። ይተላለፍ ካለ አስተላልፉ። አይሆንም ካለ ቀረጻውን አጥፉት።