የሚያንቀላፋው ዓሣ

በምሥራቅ አፍሪካ፤ በማላዊ፤ በሞዛምቢክና በታንዛኒያ መካከል፤ የማላዊ ሐይቅ ይገኛል። ርዝመቱ 580 ኪሎ ሜትር ያህል፤ እጅግ የጠለቀውም ስፍራ 700 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ሐይቅ ከሚኖሩት ዓሣዎች አንዱን የአገሩ ሰዎች ካሊንጎኖ ይሉታል፤ ትርጓሜውም «የሚያንቀላፋ» ማለት ነው። ሊቃውንት ግን ኒምቦክሮሚስ ሊቪንግስቶኒ ብለው ሰይመውታል።

ይህ ስም የወጣለት ስለ አደን ብልሃቱ ነው። ሲርበው ወደ አሸዋው ወርዶ በጎኑ ይተኛል፤ ከቶም አይንቀሳቀስም። ገላው ነጭና ጥቁር ቡናማ ዥጕርጕር ስለ ሆነ፤ ሞቶ መበስበስ የጀመረ ይመስላል። ትንንሾቹ ዓሣዎች ሬሳ ያገኙ መስሏቸው ከሥጋው ሊቀምሱ ሲቀርቡ፤ ድንገት ተነሥቶ ይውጣቸዋል።

ይህን ዓሣ በቤታቸው፤ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የሚያኖሩ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። ሲገዛ ትንሽና ያማረ ስለ ሆነ፤ ያላወቀ ሰው ከደቃቅ ዓሣዎች ጋራ ይቀላቅለዋል። ነገር ግን እያደገ ሄዶ ርዝመቱ 25 ሳንቲሜትር ያህል ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ገንዳው ይጠበዋል፤ የጓደኞቹም ቍጥር ዕለት ዕለት ይጐድላል። ባለቤቱም «ክፉ አውሬ ነው» እያለ ይቈጣዋል። ዓሣው ግን እንደ ተፈጥሮው አደረገ እንጂ አልበደለም፤ የበደለው ጠባዩን ሳይመረምር ወደ ቤቱ ያገባው ሰው ነው።

አስተዋይ ሰው ከመግዛቱ በፊት ይጠይቃል። ብዙ መቶ ሊትር የሚይዝ ገንዳ ያዘጋጃል፤ ከታች አሸዋ ያነጥፋል፤ እንደ ሐይቁም ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሆነ ውሃ ይሞላል። ከዓሣው ቈሻሻ የሚወጣው መርዝ እንዳይበዛ፤ በየሳምንቱ ከውሃው ከፊሉን ይለውጣል። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጣሉ፤ አንዱን ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋራ ያኖራል፤ በአፉ ሊገባ የሚችል ትንሽ ዓሣ ግን አይጨምርበትም። ቢሰለቸውም እንኳ ወደ ወንዝ አይጥለውም፤ በዚያ የሚኖሩትን ዓሣዎች እንዳይጐዳ።

በዚህ ዐይነት የተጠበቀ ዓሣ ሌላውንም ጠባዩን ይገልጣል። እናቲቱ እንቍላሏን በአፏ ሰብስባ፤ ልጆቿ መዋኘት እስኪችሉ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ትሸከማቸዋለች። የሌላውን ልጅ የሚውጠው አፍ ለራሷ ልጆች መሸሸጊያ ይሆናል።

እንግዲህ እንስሳን ወደ ቤቱ የሚያገባ ሰው፤ መልኩን አይቶ ከመደሰቱ በፊት ጠባዩን ይወቅ። የአንድ ቀን ጥያቄ የብዙ ነፍስ ጥፋት ያስቀራልና።